ከጓደኞቹ ጋር ለሚበላ ሕመምተኛ ልጅ የሚቋጠር ምሳ

የእረፍት ደወል ሲደወል የተማሪዎች ምሳ ዕቃ ይከፈታል፤ ያንዱ ዳቦ ለሌላው፥ የሌላውም ብስኩት ላንዱ ይደርሳል። አብሮ መብላት ከአባቶች የተወረሰ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ላለበት ልጅ አንዲት ቁራሽ ሕምባሻ እንኳ ጕዳት ታመጣበታለች።

የሕመሙ ምክንያት በስንዴ፥ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን ነው። ግሉተን ሲገባበት የልጁ ሰውነት የራሱን አንጀት ይጐዳል፤ ስለዚህ ሆዱ ይነፋል፥ ተቅማጥ ይመላለስበታል፥ እድገቱም ይገታል። ሕመሙን የሚለየው ሐኪም ነው። ከምርመራ በፊት ስንዴን ማስተው ምርመራውን ስለሚያሳስት አይገባም። ከታወቀ በኋላ ግን ፈውሱ ዕድሜ ልክ ከእነዚህ እህሎች መከልከል ነው።

ይህን ለዓለም የገለጡት የኔዘርላንድ ሐኪም ዊለም ካረል ዲከ ናቸው። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው የብርድ ወራት፥ በጦርነቱ ምክንያት ዳቦ በጠፋ ጊዜ፥ ሕመምተኞቹ ሕፃናት ሲሻላቸው ማየታቸው የቀድሞ ጥርጣሬያቸውን አጸናላቸው፤ በ1950ም ጥናታቸውን አወጡ። በ2005 ደግሞ የዚያው አገር ተመራማሪዎች ጤፍን መርምረው ይህ ጐጂ ነገር እንደሌለበት አስታወቁ።

እንግዲህ የልጁ ምግብ ከራሱ መሶብ ይገኛል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጤፍ ብዙ ጊዜ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ይደባለቃል። ስንዴ የፈጨ ወፍጮ፥ ከድብልቅ ቡሖ የተረፈ እርሾ፥ ሕምባሻ የተጋገረበትም ምጣድ ንጹሑን ጤፍ ያበላሹታል። ስለዚህ ለልጁ የሚሆነው ዱቄት ለብቻው ይፈጭ፤ እርሾውም ለብቻው ይቀመጥ።

ለምሳውም በንጹሕ የጤፍ እንጀራ የተጠቀለለ ምስር ወይም ያልተደባለቀ ሽሮ፥ የተቀቀለ እንቍላልና ድንች፥ ሙዝ ወይም ብርቱካን ይበቃል። ማሽላና በቆሎም አይጐዱትም። በሶ፥ ጥሕሎ፥ ማካሮኒና የገብስ ቆሎ ግን አይሆኑትም።

አስተዋይ እናት ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ትጨምራለች፤ ይኸውም ለጓደኞቹ የሚያካፍለውን ተጨማሪ ጥቅል ነው። ልጁ የሰው እጅ ሳያስቀይም «ይቅርብኝ፥ ያመኛል» ማለትን ይማር፤ አስተማሪውም ነገሩን ይወቅለት። እንዲህ ከሆነ ከጓደኞቹ መቀበል ቢከለከል መስጠት አይከለከልም፤ ከማዕዳቸውም ሳይለይ ጤናውን ጠብቆ ያድጋል።