ላፕቶፓችሁ አልነሳ ሲላችሁ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት
እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የዴልታ አየር መንገድ ኮምፒውተሮች እዚህ አትላንታ ሰማያዊ ስክሪን እያሳዩ አንነሳም አሉ፤ በቀናት ውስጥ 7 ሺህ ገደማ በረራዎች ተሰረዙ። ሃርድዌራቸው ግን ጤነኛ ነበር። ችግሩ የመጣው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ለሚነሳው የክራውድስትራይክ ድራይቨር በተላከ የተበላሸ ፋይል ነው። መፍትሔው በሴፍ ሞድ አስነስቶ ፋይሉን ማጥፋት ነበር፤ ሴፍ ሞድ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ይጭናልና።

የእናንተም ላፕቶፕ ካስቸገረ ለፎርማት አትቸኩሉ። ዊንዶውስ መነሳት ሲጀምር ፓወሩን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ አጥፉት፤ ሁለት ሦስቴ ስትደግሙት የጥገና ገጹ ይመጣል። ከዚያ በሴፍ ሞድ ገብታችሁ በቅርቡ የጫናችሁትን ድራይቨር አውጡ።

ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን 48 አሃዝ ያለው ሪከቨሪ ኪይ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ያለ እሱ ፋይላችሁ አይከፈትም፤ ላፕቶፑ ደህና ሳለ ወረቀት ላይ ጻፉት።