ሮም ያላችሁ፣ እነዚህን ሳታዩ እንዳታልፉ

በውስጥ መስመር በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ሮም መጥቻለሁ፣ ከኮሎሴዎና ከቫቲካን ሌላ ምን ልይ?» ለሐበሻ ጠያቂ መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ ፒያሳ ቪቶሪዮ ና። ገበያው ድሮ አደባባዩ ላይ ነበር፤ ከ2001 ጀምሮ ግን እዚያው አጠገብ ያለ የቀድሞ ጦር ሰፈር ውስጥ ገብቷል። በርበሬህንና ቅመምህን ከዚያ ሸምት። ከዚያ በኋላ ስለ እኛና ስለዚች ከተማ የተሠሩ ሦስት ሥራዎችን ልጠቁምህ፤ አንዱ የፎቶ መጽሐፍ፣ አንዱ የቪዲዮ ሥራ፣ ሦስተኛው ልብ ወለድ ከፎቶ ማኅደር ጋር። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ «ሮማ ነጋታ» ይባላል፣ የተካደችው ሮም እንደ ማለት ነው። የታተመው በ2014 ነው። ጽሑፉ የኢጂያባ ሸጎ ነው፤ ወላጆቿ ሶማሊያውያን ናቸው፣ እሷ ግን ሮም ተወልዳ ያደገች ደራሲ ናት። ፎቶዎቹን ያነሳው ሪኖ ቢያንኪ ነው። ሥራቸው እንዲህ ነው፦ የቅኝ ግዛት ዘመን አሻራ ያለባቸውን የሮም ቦታዎች እየዞሩ፣ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ሰዎችን እዚያው አቁመው ማንሳት። ጣልያንኛ ባታነቡም ፎቶዎቹን ብቻ ለማየት መግዛት ያዋጣል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነብኝ? በ1935 እና 36 የጣልያን ወታደር ወደ አገራችን የዘመተው ጠመንጃ ብቻ ይዞ አይደለም። ብዙዎቹ ካሜራ ነበራቸው፤ መንግሥትም የራሱን ፎቶ አንሺዎችና ፊልም ቀራጮች አሰልፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ከተነሱት ፎቶዎች በብዙዎቹ የሐበሻው ስም የለም። «የአገሬው ሴት»፣ «ምርኮኛ» ተብሎ ይታለፋል። ለመነሳት ፈቃዱን የጠየቀውም የለም። ቢያንኪ ፊት የቆሙት ሰዎች ግን የት እንደቆሙ፣ ለምን እንደቆሙ ያውቃሉ። ሌንሱን የሚያዩት ፈልገው ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ቦታዎች አንዱ ከፒያሳ ቪቶሪዮ በእግር የሚደረስ ነው። ወደ ተርሚኒ ጣቢያ ሂዱና ከፊት ለፊቱ ያለውን ሰፊ አደባባይ ተሻገሩ። አደባባዩ የአምስት መቶዎቹ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ራሱ ከግብፅ የመጣ የፈርዖን ራምሴስ ኦቤሊስክ (ረጅም የድንጋይ ዓምድ) ነው፣ ከግርጌው የሟቾቹ ስም ተዘርዝሯል። በፋሽስት ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም እዚሁ ግርጌ ተቀምጦ ነበር። ኤርትራዊው ዘርአይ ደረስ በ1938 ጣልያኖች ላይ ሰይፉን የመዘዘው እዚህ ነው። አንበሳው ዛሬ አዲስ አበባ ለገሃር ተመልሶ ቆሟል፤ እዚህ ግን መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል፣ ሐውልቱን ቀና ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ ከሦስቱ ለእኔ የሚበልጠው ይኼ ነው። ቴዎ እሸቱ በ1958 ለንደን ተወለደ፤ ልጅነቱን በከፊል አዲስ አበባ አሳልፎ፣ ሮም ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራ የቪዲዮ ሠዓሊ ነው። የታሪክ ጸሐፊው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ነው። በ1997 በሠራው ፊልም አያቱን ተከትሎ ወደ ኢትዮጵያ ታሪክ ገብቷል። እኔ የማወራላችሁ ግን በ2009 ስለሠራው፣ «የአክሱም ሐውልት መመለስ» ስለሚባለው ሥራ ነው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጣልያን ከአክሱም የወሰደችው፣ ወደ 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት በ1937 ሮም ውስጥ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ተተከለ። ጣልያን በ1947ቱ የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማ ነበር። ሐውልቱ የተነቀለው በ2003 መጨረሻ፣ አክሱም የደረሰው በ2005፣ የቆመው በ2008 ነው። በአውሮፕላን ለመጓዝ ሦስት ቦታ መከፈል ነበረበት።

ይህን ሁሉ ሌላ ሰው አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዘጋቢ ፊልም አድርጎ ይሠራው ነበር። ቴዎ ግን 15 ስክሪኖችን ጎን ለጎንና ላይና ታች ደረደረ። ያንን አደራደር ስታዩ ወዲያው የምታውቁት ነገር ይሆንባችኋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በካሬ በካሬ የሚተርከው የአገራችን ሥዕል ነው! ብዙዎቻችን ያደግነው እሱን ግድግዳ ላይ እያየን ነው፤ ማክዳ ስትጓዝ፣ ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ግብር ሲያበላት፣ በሌሊት ውሃ ስትጠጣ፣ ምኒልክ ሲወለድ፣ በየካሬው ግርጌ አንድ መስመር አማርኛ። ብዙ ጊዜ 44 ካሬ ነው። ለቱሪስት የሚሸጥ ጌጥ ብለን የናቅነውን ሥዕል ቴዎ የተረት አተራረክ ስልት መሆኑን አይቶ ቪዲዮ አደረገው። ዓይን ከስክሪን ስክሪን ሲዘል፣ የሐውልቱን ጉዞ እያነበበ እንጂ እየተመለከተ ብቻ አይደለም። ሥዕል ለሚማሩ ልጆቻችን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የትም ሙዚየም ውስጥ ሲታይ ብትሰሙ ሄዳችሁ እዩት።

ፖርታ ካፔናን ለማየት ከተርሚኒ የሜትሮ ቢ መስመር ይዛችሁ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ሐውልቱ በነበረበት አካባቢ ዛሬ ለሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሟቾች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች አሉ። የአክሱምን የሚያስታውስ ነገር ግን የለም። ሸጎም በመጽሐፏ የምትቆጨው ይህን ነው፤ እኔም እዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያበሳጨኛል።

ሦስተኛው የደራሲዋ የመዓዛ መንግሥቴ ሥራ ነው። በ2019 የወጣው ልብ ወለዷ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። መነሻው ሴት አርበኞች ናቸው፤ የራሷ ቅድመ አያትም ዘምተዋል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ጣልያናዊ ወታደር ፎቶ አንሺ ነው። መጽሐፉ መሐል «ፎቶ» የሚል ርዕስ ያላቸው አጫጭር ክፍሎች አሉ፤ ፎቶው አልታተመም፣ በቃላት ብቻ ተስሏል። አንባቢው ፎቶውን ራሱ አእምሮው ውስጥ ማጠብ አለበት።

መዓዛ ለዚህ ስትል የጣልያን ወታደሮች ያነሷቸውን ፎቶዎች ለዓመታት ሰብስባለች። «ፕሮጀክት 3541» በሚል ስምም የጦርነቱን ዘመን ፎቶዎችና የቤተሰብ ታሪኮች የሚያሰባስብ የኢንተርኔት ማኅደር ከፍታለች። ቁጥሩ ከ1935 እስከ 41 ያለውን ዘመን ያመለክታል።

እና አንድ ልመና። ቤታችሁ ውስጥ፣ ሳጥን ሥር ወይም የእማማ ቦርሳ ውስጥ፣ የዚያን ዘመን ፎቶ ካለ አውጡት። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ አብራችሁ ቁጭ በሉና በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ ጠይቁ። ስሙን ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ እስክሪፕቶ ወደ ፊቱ ሊያልፍና ሊያበላሸው ይችላል። ከዚያ ከፊትም ከጀርባም በስልካችሁ አንስታችሁ ለዘመድ ላኩት።