ፈተናውን አልፋለች፤ መጽሔቱንስ ታነበዋለች?

ቻይንኛ የሚማር ልጅ ያለበት ቤት በዝቷል። አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ሌላው የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ቻይና ለመሄድ ይዘጋጃል፤ ሌላዋ ደግሞ ዱከም ካለ ፋብሪካ በአስተርጓሚነት ለመቀጠር ተስፋ ታደርጋለች። እኛ ወላጆችና አያቶች የምናውቀው የወር ክፍያውንና የፈተናውን ውጤት ነው። ደብተሩን ገልጠን ብናይ እንኳ የቱ ላይ እንደሚጀመር ስለማናውቅ «እየገባህ ነው?» ከማለት አናልፍም። ልጁም «አዎ» ይላል።

እኔ ነርስ እንጂ የቋንቋ አስተማሪ አይደለሁም። የልጅ ልጄ ቻይንኛ ስትማር ሦስት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ፣ እየጠየቅኳት የለቀምኩትን ነው የማካፍላችሁ። ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ፈተና ማለፍና ማንበብ መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሜዳ ለመሻገር ደግሞ ቻይናውያን ለራሳቸው የሚያሳትሙትን ተራ መጽሔት የሚያህል ነገር አላየሁም።

ብዙዎቹ ልጆቻችን የሚያውቁት ኤችኤስኬ የሚባለው ባለ ስድስት ደረጃ ፈተና ለ3ኛው ደረጃ 600፣ ለ4ኛው 1200፣ ለ5ኛው 2500 ቃላት ይጠይቃል። መማሪያ መጽሐፉም የሚጻፈው በነዚያው ቃላት ተለክቶ ነው፤ አዲስ ቃል ከመጣ አስቀድሞ ከነትርጉሙ ይነገራል። ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ፣ ተከትፎ እንደቀረበ ምግብ ነው። መጽሔቱን የጻፈው ሰው ግን የእናንተ ልጅ መኖሩንም አያውቅ። የጻፈው ባቡር እየጠበቀ ለሚያነብ ቻይናዊ ነው።

በቁጥር ላስረዳ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣችው የተዘውታሪ ምልክቶች ዝርዝር 2500 ዋና ዋና ምልክቶች አሉት፤ እነሱን ያወቀ ሰው በተራ ጽሑፍ ውስጥ ከሚያገኛቸው ምልክቶች 98 በመቶ ያህሉን ያውቃል። ደስ ይላል። ግን 500 ምልክት ባለው አንድ ገጽ ላይ 10 የማይታወቁ ይቀራሉ ማለት ነው፤ የነገሩን ቁልፍ ይዘው የሚቀሩትም ብዙ ጊዜ እነሱው ናቸው።

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገድ በሚሠራበት አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ አንድ ቻይናዊ ኦፕሬተር ትኩሳትና ሳል ጠንቶበት መጣ። አስተርጓሚው ትሁት ወጣት ነው፤ ስለ ሲሚንቶና ስለ ፌሮ ሲሆን ቻይንኛው እንደ ውኃ ይፈስለታል። መርፌ ከመስጠታችን በፊት እንደ ደንቡ «የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ?» ብለን ጠየቅን። ወጣቱ ጥያቄውን ማስተላለፍ አቃተው። ሕመምተኛው ግን ሁኔታችን ገብቶት ከኪሱ የታተመ ካርድ አወጣና አንዲት መስመር በጣቱ ጠቆመ። አምስት ምልክት ናት። ልጁ ሦስቱን ያውቃቸዋል። «ሲስተር፣ አረንጓዴ የሆነ ነገር አለፈ ነው የሚለው» አለኝ፤ እሱም የተናገረው አላማረውም። ፎቶ አንስቶ ወደ ካምፑ ላከና መልስ እስኪመጣ ጠበቅን። «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚል ነበር። መድኃኒቱ ተቀየረ።

ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ የተማረው መጽሐፍ እዚያ ድረስ አላደረሰውም እንጂ። ቻይናውያን ፔኒሲሊንን «ቺንግ ሜይ ሱ» ይሉታል፤ ከአረንጓዴ ሻጋታ የተገኘ ነገር እንደማለት ነው፤ እውነትም ከሻጋታ ነው የተገኘው። አለርጂ ደግሞ «ጉዎ ሚን» ነው። ለቤተሰብ የሚዘጋጅ የጤና መጽሔት የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ቃላት ደጋግሞ ያገኛቸዋል።

እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ ትንሽ ልቆይ። የልጅ ልጄ ስለ በሽታ የሚያወራ ገጽ ስታሳየኝ በጣም ነው የገረመኝ። ደም «ሹዌ» ነው፤ ግፊት «ያ» ነው፤ የደም ግፊት «ሹዌ ያ»። ስኳር በሽታ «ታንግ ኒያው ቢንግ» ይባላል፦ ስኳር፣ ሽንት፣ በሽታ። ሳንባ «ፌይ»፣ ጉበት «ጋን»፣ ጨጓራ «ዌይ» ሲሆኑ በእያንዳንዳቸው ላይ «የን» ሲጨመር የሳንባ ምች፣ የጉበት ብግነት፣ የጨጓራ ብግነት ይሆናሉ። «የን» የምትጻፈው እሳት በእሳት ላይ ተደርቦ ነው። ብግነትን ከዚህ በላይ ማን ሊገልጸው ይችላል? በሽታ፣ ሕመም፣ ማሳከክ፣ ካንሰር የሚሉት ምልክቶች ደግሞ ሁሉም ከላይና ከግራ አንድ ዓይነት ከለላ አላቸው፤ ጥንት አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ሥዕል ነበር ይባላል። ልጁ ቃሉን ባያውቀው እንኳ ያንን ከለላ ሲያይ ወሬው የሕመም እንደሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ዝምድና ልጆች በመጽሐፍ ይማሩታል፤ ዓይናቸው የሚለምደው ግን ገጽ በገጽ ሲደጋገም ነው።

የትኛው መጽሔት ይሻላል? «ዱዠ» (አንባቢ ማለት ነው) እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ላንጆ ከተማ የሚታተም ነው። መጀመሪያ ስሙ «ዱዠ ወንጃይ» ነበር፤ ከአሜሪካው ሪደርስ ዳይጀስት ጋር በስም ስለተወዛገበ በ1993 አሳጠረው። ስለ እናት፣ ስለ አስተማሪ፣ ስለ ጉርብትና የሚያወሩ አጫጭር ጽሑፎችን ይዟል። «ጉሽ ኋይ» በሻንጋይ ከ1963 ጀምሮ የኖረ የተረትና የወግ መጽሔት ነው። ታሪኮቹ በአፍ እንዲነገሩ ሆነው ስለሚጻፉ ዓረፍተ ነገራቸው አጭር ነው፤ እኔ ብሆን በዚህ አስጀምር ነበር። ጤና ለሚያጠና ልጅ ደግሞ ጓንጆ ላይ የሚታተመው «ጂያቲንግ ዪሸንግ»፣ የቤተሰብ ሐኪም ማለት ነው፣ አለ። ጋዜጣ ይቆይ፤ ቋንቋው እንደ አዋጅ የከበደ ነው። የሕፃናት መጽሔት ይቀላል የሚሉም አሉ፤ ከምልክቱ በላይ ድምፁ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለማንበብ ያመቻል፤ ግን የእንቁራሪትና የጥንቸል ጨዋታ፣ የዝናብና የነፋስ ድምፅ ይበዛበታል፤ ሥራ ፈላጊ ወጣትን ቶሎ ይሰለቸዋል።

መጽሔቱ የሚያስተምረው ቃል ብቻ አይደለም። ቻይንኛ በቃልና በቃል መካከል ክፍተት የለውም፤ የኛ ሁለት ነጥብ ያለችውን ሥራ የምትሠራ ነገር የለችም። አንባቢው ራሱ ነው የሚቆርጠው። የሰውና የአገር ስም የሚለይበት ትልቅ ፊደል የለም፤ የኛን አገር በአምስት ምልክት ሲጽፉት የመጀመሪያው ለብቻው ሲነበብ አቧራ፣ ሁለተኛው መወተፍ ሊሆን ይችላል። ጀማሪ እዚያ ላይ ሲታገል ያድራል። በአራት ምልክት የሚነገሩ የጥንት አባባሎችም አሉ። «ሁዋ ሽ ትየን ዙ» ሲፈታ «እባብ ስሎ እግር መጨመር» ነው። ለመጠጥ ተወራርደው እባብ ከሚስሉ ሰዎች አንዱ ቀድሞ ጨረሰና፣ ጊዜ ተርፎኛል ብሎ እግር ቀጠለለት፤ መጠጡንም ተነጠቀ። አራቱንም ቃላት የሚያውቅ ተማሪ ታሪኩን ካላወቀ የሚያነበው አይገባውም።

እንዴት ይነበብ? በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ ገጽ ተኩል የማይሞላ ጽሑፍ ይበቃል። መጀመሪያ ያለ መዝገበ ቃላት እስከ መጨረሻው ይነበብ፤ ያልታወቀው በእርሳስ ይሰመርበት። በሁለተኛው ንባብ ታሪኩን የዘጉት አምስት ስድስት ቃላት ብቻ ይፈለጉ። በሦስተኛው ድምፅ ከፍ አድርጎ። በየመስመሩ ሁለት ሦስት የማይታወቅ ቃል ካለ ጽሑፉ ገና አልደረሰም፤ ተዘግቶ ሌላ ይፈለግ። ስልክን ገጹ ላይ ደግኖ ማስተርጎም ግን ልጁ ሳይሆን ስልኩ አነበበ ማለት ነው።

አራተኛው ሥራ የእናንተ ነው። ልጁ ያነበበውን በአማርኛ ይንገራችሁ። «ከዚያስ? ሴትዮዋ ለምን ተቆጣች? ገንዘቡን ማን ወሰደው?» በሉት። የገባው ሰው ይመልሳል፤ ያልገባው «እ... እንደዚህ ነገር ነው» ይላልና ወደ ገጹ ይመለሳል። ለዚህ ቻይንኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ተረት ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን። በኛ ልጅነት የጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣና ስኳር የተጠቀለለበት የመጽሔት ቅዳጅ ሳይቀር ይነበብ ነበር። የልጅ ልጄ የጎረቤት ዶሮ ስለሰረቀ ሰው ያነበበችውን ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ አስቆምኳት፤ በሁለተኛው ላይ ሌባው ዶሮውን ሳይሆን እንቁላሉን እንደወሰደ ራሷ አገኘችው።

አሁን የቀረው መጽሔቱን ማግኘት ነው። ለንግድ ጓንጆ የሚመላለስ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለ አደራ በሉት፤ የድሮ እትም ቢሆንም ችግር የለውም፤ ተረት አያረጅም። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቁት፦ በሆንግ ኮንግና በታይዋን የሚታተመው ባልተቃለለው የጥንቱ አጻጻፍ ነው፤ ልጆቻችን እዚህ የሚማሩት ደግሞ የተቃለለውን ነው። ስለዚህ ከመክፈሉ በፊት ሽፋኑንና አንድ የውስጥ ገጽ ፎቶ አንስቶ ለልጁ ይላክለት።