መጀመሪያ ቁመቱን ይለኩ፦ መንቀሳቀስ ለሚቸግረው ሰው መኪና ሲመረጥ ተረትና እውነታ

ውጭ አገር ያሉ ልጆች አዋጥተው ለእናት ወይም ለአባት መኪና ሲገዙ በአብዛኛው የሚታያቸው ትልቅነቱና ክብሩ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ሁለት ሰው ካልደገፋቸው እንደማይገቡበት የሚታወቀው መኪናው ደጃፍ ከቆመ በኋላ ነው። ስትሮክ ያጋጠመው፣ በክራንች የሚሄድ ወይም ዊልቸር የሚጠቀም ሰውም ሌሎች በመረጡለት መኪና ይቸገራል። ፍቅርም ገንዘብም አልጎደለም። የጎደለው የሚጠቀምበትን ሰው ይዞ ሄዶ ማስሞከር ነው። በዚህ መካከል ከመኪና ተራ እስከ ሳሎን የሚደጋገሙ አባባሎች እንደ እውነት ይወሰዳሉ።

ተረት፦ «ለታመመ ሰው ከፍ ያለ መኪና ይመቻል»

ለአንዱ የሚመቸው ሌላውን ይጎዳል። ጉልበቱ ወይም ዳሌው የደረቀበት ሰው የሚከብደው ዝቅ ብሎ መቀመጥና ከዚያ መነሳት ነው። እንደ ቪትዝ ያለ ዝቅተኛ መኪና ያሠቃየዋል፤ ላንድክሩዘር ደግሞ እግር አንስቶ መውጣትን ይጠይቃል። ለእሱ የሚሆነው መካከለኛው ነው፤ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ሲቆም ብዙም ሳይወርድና ሳይንጠላጠል የሚያርፍበት።

ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። የዊልቸር መቀመጫ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰውየው ወደ መኪናው ወንበር የሚሻገረው በክንዱ ኃይል ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ከፍታ ሁሉ ትከሻው ይሸከመዋል። ለሌላው የማይመቸው ዝቅተኛ መኪና ለእሱ ሊሻል ይችላል።

ስለዚህ ወደ ደላላ ከመደወል በፊት ሜትር ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ያለ ድጋፍ የሚነሡበትን ወንበር ወይም አልጋ ከፍታ ይለኩና ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ፤ ከመሬት እስከ መኪናው ወንበር ያለውን ከዚያ ጋር ያስተያዩ። የበሩ ደፍ ስፋትም ይታያል። ወንበሩ ከደፉ ወደ ውስጥ በራቀ መጠን ሰውነትን ማንሸራተት ይበዛል። በሩ ምን ያህል እንደሚከፈትና ጣሪያው ጭንቅላት ይነካ እንደሆነም እዚያው ይፈተሻል።

አቋቋምም ቁመት ይለውጣል። መኪናው ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ተጠግቶ ከቆመና ተሳፋሪው ከጠርዙ ላይ ከገባ፣ ወንበሩ በጠርዙ ከፍታ ልክ ዝቅ ይልበታል። ከፍ ላለ መኪና ይህ እርዳታ ነው፤ ለዝቅተኛው ግን ራቅ ብሎ አስፋልቱ ላይ ማሳፈር ይሻላል።

ተረት፦ «ትልቅ ሰው ኋላ ተዝናንቶ ይቀመጥ»

ጋቢና ይሻላል። የፊት ወንበር ወደ ኋላ ይሳባል፤ እግር የማይታጠፍለት ሰው የሚያስፈልገውም ይኸው ቦታ ነው። በትንንሽ መኪኖች የኋላ በር ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፣ ጣሪያውም ዝቅ ይላል። ወንበሩ ጨርቅ ከሆነ ሲገቡ ፌስታል አንጥፎ መዞሩን ማቅለል ይቻላል፤ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ግን ፌስታሉ መውጣት አለበት፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ሰውየውን ከቀበቶው ሥር ያንሸራትተዋል።

ተረት፦ «ኦቶማቲክ ዳገት አይወጣም»

ይህ አባባል ብዙ ሰው አላስፈላጊ ችግር ውስጥ ከትቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። የአየሩ መሳሳት የሚያደክመው ሞተሩን ነው፤ ማኑዋልም ቢሆን አይድንም። ግራ እግሩ ብቻ ለተጎዳ ሰው ደግሞ ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ብቻውን መፍትሔ ነው። ምንም መግጠም ሳያስፈልገው ይነዳል።

ተረት፦ «እግሩ የማይሠራ ሰው መንዳት አይችልም፤ የተስተካከለ መኪናም ለሌላ ሰው አይሆንም»

ሁለቱም ስህተት ነው። ቀኝ እግሩ የተጎዳ ሰው ነዳጅ መስጫውን ከፍሬኑ በስተግራ የሚያመጣ ተጨማሪ ፔዳል ያስገጥማል። የቀኙ ፔዳል በዚያ ጊዜ መሸፈን አለበት፤ ሌላ ሰው ሊነዳ ሲል ደግሞ የግራው ይነሳል፣ አለዚያ ያልለመደው ሰው ፍሬን ያዝኩ ብሎ ነዳጅ ይሰጣል።

ሁለቱም እግሮቹ የማይታዘዙለት በእጅ መቆጣጠሪያ ይነዳል። ከመሪው ሥር የሚታሰር ዘንግ ነው፤ ወደ ፊት ሲገፋ ፍሬን ይይዛል፣ ሲሳብ ነዳጅ ይሰጣል፤ በመጫን ወይም በማዞር ነዳጅ የሚሰጥም አለ። አንድ እጅ በዚህ ስለሚያዝ፣ መሪውን በሌላው እጅ ብቻ ለማዞር የሚረዳ መያዣ መሪው ላይ ይገጠማል። የእግር ፔዳሎቹ እንደነበሩ ይሠራሉ፤ ሚስትም ወንድምም በዚያው መኪና እንደ ወትሮው ይነዳሉ። በብሎን የታሰረ ስለሆነ ሲሸጥ ይፈታል።

ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ስለ ገጠማው ነው። ዘንጉን ብረት በሚበይድ ማንኛውም ጋራዥ አስበይዶ መንዳት ሕይወትን ያስከፍላል። ፍሬኑ እስከ መጨረሻው መያዙ፣ መሪው ሙሉ ዙር ሲዞር ምንም አለመንካቱ፣ የጉልበት ኤርባግ ካለ መንገዱ አለመዘጋቱ ይረጋገጥ። ደረትና መሪ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑር። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ አሮጌ መኪና ከሆነ ዘንጉ የሚታሰርበት ክፍል አስቀድሞ ይመርመር። ለመንጃ ፈቃዱ የሚጠየቀውን የሕክምና ማረጋገጫም ከግዢው በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

ተረት፦ «የኤሌክትሪክ መኪና ለአካል ጉዳተኛ አይሆንም»

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ይህ አባባል በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ፍሪሲዮን የለውም፣ የሚቀየር ማርሽ የለውም፣ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። እግር ከፔዳሉ ሲነሳ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ቶሎ የሚደክመው እግር ያርፋል። ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ የሚያቅተው ሰው ግን ያንን ድንገተኛ መያዝ ለስለስ አድርጎ ቢያስተካክለው ይሻላል። አንድ እውነተኛ ገደብ አለው፦ ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ ወለሉን ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ መግባት ለሚፈልግ ሰው መወጣጫ የተገጠመለት ሚኒባስ ይሻለዋል፤ እዚያም ዊልቸሩ በአራት ቦታ ከወለሉ ጋር ይታሰራል፣ ሰውየውም የራሱ ቀበቶ ይኖረዋል።

ተረት፦ «የኋላ ዕቃ መጫኛው ሰፊ ከሆነ ዊልቸሩ ይገባል»

የሚወስነው የአፉ ስፋትና የጠርዙ ከፍታ ነው። የተለመደው የብረት ዊልቸር ከ16 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንን የምታነሳው ደግሞ ራሷም ወገቧን የሚያማት የቤተሰብ አባል ልትሆን ትችላለች። ብቻውን ለሚነዳ ሰው የኋላው ስፋት ጨርሶ አይጠቅምም። እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ የዊልቸሩን ጎማዎች አውልቆ፣ ቀሪውን በደረቱና በመሪው መካከል አሳልፎ ጋቢና ያስቀምጠዋል። ለዚህ ቀላል ዊልቸር፣ ወደ ኋላ ጋደም የሚል ወንበርና ወደ ላይ የሚነሳ መሪ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ወደ መኪና ተራ ሲኬድ ዊልቸሩም ክራንቹም አብሮ ይሂድ። ሰውየው ደጋግሞ ይግባ፣ ይውጣ፤ ከተቻለ ጠዋት በጉልበቱ ሳለ ሳይሆን ወደ ማታ፣ ሰውነቱ ሲዝል። ስለ ዋጋ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።