ከምናለሽ ተራ እስከ ቆሼ፦ የአየር ንብረት ለውጥ ሰው ሠራሽ ምክንያቶችና ማቃለያ መንገዶች



ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንናገር የዋልታ በረዶን ማንሣት ልማዳችን ነው። እኔ ግን ያደግሁት አዲስ ከተማ ውስጥ ነውና ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ልጀምር። ቁራሌዎች ከየሰፈሩ የለቀሙት ብረትና ጎማ ውሎ አድሮ እዚያ ይደርሳል። በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ባልዲ፣ ጎማው በረባሶ ይሆናል፤ የተጣመመው ፌሮ ተቃንቶ ወደ ግንባታ ይመለሳል። በዚያ ሥራ የሸመገለ አንጥረኛ ቁራጭ ብረት ስታሳዩት በውፍረቱና በዝገቱ ብቻ ከምን ላይ እንደ ተቆረጠ ይነግራችኋል።

የአየር ንብረት ሳይንስም ከዋና ዋና ማስረጃዎቹ አንዱን ያገኘው በዚህ ዓይነት ዕውቀት ነው። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበሩት 280 ያህል ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል። ጭማሪው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከካርቦኑ ከራሱ ይነበባል። ዕፀዋት ቀላሉን ካርቦን 12 ከከባዱ ካርቦን 13 አብልጠው ይወስዳሉ። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት የጥንት ዕፀዋትና ረቂቅ ሕያዋን ቅሪት በመሆናቸው ይህንኑ አሻራ ይዘዋል፤ የእሳተ ገሞራ ጋዝ ግን የለውም። በአየሩ ውስጥ የካርቦን 13 ድርሻ እየቀነሰ መሄዱ ተለክቷል። ኦክስጅንም፣ ለትንፋሽ በማያሰጋ መጠን ቢሆንም፣ ቃጠሎ እንደሚጠይቀው እየቀነሰ ነው። እንግዲህ የጭማሪው ምንጭ የምናነደው ነዳጅና የምንጨፈጭፈው ደን ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት ነው። ዕውቀቱ የትናንት አይደለም።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያነሡት ነጥብ አለ፦ የኢትዮጵያ ልቀት ከዓለም አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ታዲያ እኛን ምን አገባን? ፍትሕን በተመለከተ ልክ ናችሁ፤ በዓለም አቀፍ ድርድር ላይ ይህን ደጋግሞ መናገር ይገባል። ነገር ግን የቤታችንን ሒሳብ እንመልከት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረገው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን ልቀት ለ2010 በ150 ሚሊዮን ቶን ሲገምት፣ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን የመጣ ነው። ትራንስፖርትና ኢንዱስትሪ እያንዳንዳቸው ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ነበራቸው። ዓይናችን የሚያርፈው በሰባተኛና በአውቶቡስ ተራ በሚጨሰው መኪና ላይ ነው፤ ከባዱ ሸክም ግን በጆንያ ታስሮ የሚገባው ከሰል ነው። በተለመደው የአፈር ጉድጓድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ያልቃል።

ምናለሽ ተራን አስቸጋሪ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። አሉሚንየምን ከአሮጌ ድስት አቅልጦ መሥራት ከማዕድን ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ያድናል፤ በብረትም ትርፉ ትልቅ ነው። ነገር ግን ከተጣለ በርሜል የተሠራው ምድጃ በየቤቱ ሄዶ ከሰል ይበላል። ቁጠባውና ብክነቱ ከአንድ መዶሻ ይወጣሉ። አንጥረኛውን ለመውቀስ አልተናገርሁም፤ ገበያው የጠየቀውን ይሠራል። የሸክላ ውስጠኛ አካል ያለው ላቀች ምድጃ የከሰል ፍጆታን ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ቆርቆሮውን መሥራት ለምናለሽ ተራ ባለሙያ የሚከብድ አይደለም። እንጀራን በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገርም ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ጥቅሙ እጥፍ ነው፤ መብራቱ ካልጠፋ!

ቁራሌው የማይነካው ግን እርጥቡ ቆሻሻ ነው፦ የአትክልት ትርፍራፊ፣ የጫት ገራባ። ከአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በስባሽ ነው፤ ለአሥርት ዓመታትም ሲከማች የኖረው ቆሼ ነው። አየር በማያገኝ ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን ይወጣዋል። ሚቴን በአየር ላይ የሚቆየው አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በሃያ ዓመት ስሌት የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ያህል ይበልጣል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ያን ቀን ሳስብ ልቀትና ሰብዓዊ አደጋን ለያይቶ ማስተማር ይከብደኛል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ይሁንና እርጥብ ነገር ከኃይሉ ብዙውን የሚያጠፋው ራሱን ለማድረቅ ስለሆነ፣ ማሽን ከመትከል በፊት መለየት ይቀድማል።

እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው፦ በስባሹ መርካቶ ውስጥ፣ በየተራው፣ ከመኪና ላይ ሳይወጣ ይለይ። ወደ ኮምፖስት ተለውጦ ለከተማዋ ዙሪያ ገበሬ ይድረስ። ሚቴን ዕድሜው አጭር በመሆኑ ዛሬ የቀነስነው ውጤቱ በእኛው ዘመን ይታያል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ዕድል አይሰጥም። በምናለሽ ተራ በኩል ደግሞ መዳብ ለማውጣት ሽቦን በእሳት መላጥ ይቅር፤ ጭሱን የሚተነፍሱት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ በእጅ የሚሽከረከር መላጫ ይበቃል። አካባቢው በመልሶ ማልማት ሲታደስ ለዚህ ሙያ ቦታ በፕላኑ ላይ ይሰመርለት። አንድ ጊዜ ከተበተነ፣ ብረቱን የሚለይ ዓይን በየትኛው ትምህርት ቤት እንደምናፈራ እኔ አላውቅም።

የተመደበልኝ ሰዓት አልቋል። ስለ ሚቴን አለካክ ዝርዝሩን የምትፈልጉ ተማሪዎች ከጥያቄው ክፍለ ጊዜ በኋላ እዚሁ ቆዩኝ።