ከጥምቀት ማግሥት አንድ ሌሊት በሰሜን ተራሮች



በጎንደር ከተራ የማደር በዓል ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከወረዱ በኋላ በተዘጋጀላቸው ማደሪያ ያድራሉ። ካህናቱ በማሕሌትና በቅዳሴ፣ ወጣቱ በዝማሬና በሆታ፣ አረጋውያኑም ጋቢያቸውን ተከናንበው በጸሎት ሌሊቱን ያነጉታል። ከሩቅ የመጣው እንግዳም በዚያ ሌሊት ባይተዋር አይሆንም። ዘመድ ያለው ከዘመዱ ቤት፣ የሌለው ከሆቴል፣ ሁለቱም ያልሆነለት ከሕዝቡ መካከል ያድራል።

ዳሩ ግን በዓሉን ለማክበር ወደ ጎንደር ከሚጎርፈው ሕዝብ አብዛኛው የቃና ዘገሊላ ዕለት የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት ወደ መንበሩ ከሸኘ በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ወደየመጣበት ይመለሳል። ከከተማይቱ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሌላ የማደሪያ ስፍራ፣ ሌላም ዓይነት ሌሊት እንዳለ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የባዕድ ሀገር ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚያድርበትን ተራራ የእኛ ሰው ከደጁ ደርሶ ሳያየው ይመለሳል። ዛሬ በዚህ የበዓል ገጽ የምናወጋው ስለዚያ ሌሊት ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ ከመግባቱ በፊት በነበረ አንድ የጥር ወር፣ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ዓርብ ወደዚያው አቀናን። መንገዱ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ያደርሳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚህች ከተማ ነው። እንግዳው የመግቢያውን ዋጋ ከከፈለ በኋላ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት ይመደብለታል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ነጂ የሚሻም ከአካባቢው ማኅበራት ያገኛል። ስለዚህም ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ብቻውን አይወጣም። ገና ከመግቢያው ጀምሮ በሀገሬው ሰው እጅ ላይ ነው።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር አብሮ የተመዘገበው ይኸው ፓርክ ነበር። ለብዙ ዘመን በዚያ የሚያድር እንግዳ ድንኳኑን በበቅሎ አስጭኖ በሳንቃበር፣ በግጭ ወይም በጨነቅ ሰፈሮች ያርፍ ነበር። በኋላ ግን ቡይት ራስ በተባለው ስፍራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሰሜን ሎጅ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በደባርቅ አቅራቢያ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሊማሊሞ ሎጅ ሥራ ጀመረ።

እኛ ከማረፊያችን የደረስነው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነበር። ከደጃፉ ፊት ለፊት ባለው መስክ ላይ ጭላዳዎች በብዛት ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። በመጀመሪያ ፈርተን ቆም ብንልም እነርሱ ግን ከቁብም አልቆጠሩን። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተም ከእርሱ በቀር የለም። በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ልብ ይመስላል፤ የወንዱ ጎፈርም ነፋስ በነካው ቁጥር እንደ ካባ ይዘናፈላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መንጋው በአንድነት ተነሥቶ ወደ ገደሉ አመራ። እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው፣ ጎረምሶቹ እየተጓሹ አንድ በአንድ በአፋፉ ቁልቁል ተሰወሩ። ስካውታችን እንዳስረዳን፣ ነብርና ጅብ እንዳይደርስባቸው የሚያድሩት ሰው አሻግሮ ለማየት በሚፈራው በዚያ ቋጥኝ ላይ ነው። ለካስ ማደሪያ የሚያሳስበው የሰው ልጅን ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ብርዱ መጣ። የጥር ሌሊት በሰሜን ተራሮች ውርጭ ነው፤ በቀን ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል፣ በሌሊት ውሃ በረዶ ይሠራል። እንግዶች ሁሉ በመመገቢያው አዳራሽ መካከል በሚነድደው እሳት ዙሪያ ተሰበሰቡ። ዕለቱ ዓርብ በመሆኑ ለእኛ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ቀረበልን። አንዲት ባዕድ እንግዳ ሥጋ የማንበላበትን ምክንያት በጠየቀች ጊዜ አብሳዩ ረቡዕና ዓርብ ለምን እንደሚጾም በትዕግሥት ነገራት። ጥቂት ቆይታም የእርስዋን ሰሃን ወደ ጎን አድርጋ ከእኛ ማዕድ ቆረሰች። ሺህ ቃላት ሳይነገሩ በአንድ ትሪ ዙሪያ እንግድነት ወደ ወዳጅነት ሲለወጥ በዓይናችን አየን።

መኝታችን ድርብርብ ብርድ ልብስ ነበረው። እንቅልፍ ግን በዚያ ከፍታ ላይ እንደ ቆላው አይመጣም። አየሩ ስስ ስለሆነ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ አንዳንዱንም ራሱን ያመዋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች በዝግታ መራመድን፣ ውሃ ደጋግሞ መጠጣትንና ከአልኮል መጠጥ መቆጠብን የሚመክሩት ለዚህ ነው። በሌሊት ወደ ደጅ ስንወጣ ከዋክብቱ እጅ የሚደርስባቸው ይመስሉ ነበር። ከበራፉ አጠገብም ስካውቱ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ጠብመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እኛ በሙቀት ተኝተን ስናድር እርሱ በውርጭ ውስጥ ነቅቶ ያድራል። የአንዱ እንግዳ ዕረፍት የሌላው ትጋት መሆኑን ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምን አለ?

ሲነጋ ከእግራችን በታች ያለው ቆላ በጉም ተሞልቶ ባሕር መስሎ ነበር። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ጭላዳዎቹ እንደገና ብቅ አሉ። በአስታውና በአሜጃው መካከል፣ ከጅብራው ጥላ ሥር አልፈን ወደ አፋፉ ስንጠጋ ስካውቱ በጣቱ ወደ ታች አመለከተን። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ቀንዱ እንደ ማጭድ የታጠፈ አንድ ዋልያ በቋጥኙ ላይ ቆሞ አየን። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው። ከዚህ ከጠፋ ሌላ ቦታ ፈልጎ ማግኘት የለም።

እንዲህ ያለው ሌሊት ግን በነፃ የተገኘ አይደለም። በሰውና በከብት ብዛት፣ በእርሻ መስፋፋትና በዋልያ መመናመን ምክንያት ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር፤ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። ለዚህ ከተከፈለው ዋጋ ከፍተኛውን የከፈሉት የግጭ ነዋሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ የእስልምና እምነት ተከታዮች የሆኑት እነዚህ ወገኖች መንገደኛን በየቤታቸው ቡና እያፈሉ የሚቀበሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች መንደራቸውን ለቀው በደባርቅ ከተማ ሠፈሩ። የግጭ ሜዳ ሣር አገገመ፤ ገብስ ሲዘሩና በግ ሲያረቡ ለኖሩት ሰዎች ግን የከተማ ኑሮ ቀላል አልሆነም። በተራራው ላይ የሚያድር እንግዳ የሚተኛው እነርሱ በለቀቁት ምድር መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም።

ፈተናው በዚህ አላበቃም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት የእንግዳውን እግር አሳጠረው። እንግዳ ሲቀር በቅሎ ነጂው፣ አብሳዩ፣ አስጎብኚውና እንቁላል ሻጯ ጭምር ገቢ ያጣሉ። ጥበቃው ሲላላ ደግሞ አዳኝ ይበረታል። የዋልያው ቁጥር በቅርብ ዓመታት እንደገና ክፉኛ ማሽቆልቆሉ ለሁላችንም የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

አባቶቻችን የመንገድን ነገር ያውቁ ነበር። መንገደኛ ከማያውቀው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ እግሩን አጥቦ ያስገባዋል። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበት ሥርዓት በደጋው ምድር እስከ ዘመናችን ዘልቋል። ሊቁ ቅዱስ ያሬድም በዘመኑ ፍጻሜ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቶ በዚያው እንደተሰወረ ትውፊት ይነግረናል። በዚሁ ምድር በምትገኘው ደረስጌ ማርያም አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ጭነዋል። እንግዲህ ይህ ተራራ የአራዊት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የጸሎትና የታሪክ ቤትም ነው።

የእንግዳ ማረፊያው ዋጋ ቢከፈልበትም ባሕርዩ ከጥንቱ ደጃፍ አይለይም። የአስተናጋጁ ድርሻ መቀበል፣ የእንግዳውም ድርሻ ቤቱን እንዳገኘው ትቶ መሄድ ነው። ጭላዳን አለመመገብ፣ የላስቲክ ጠርሙስን አለመጣል፣ አስታን ለማገዶ አለመስበር፣ ለበቅሎ ነጂው ተገቢውን ዋጋ መክፈል ትንሽ ቢመስልም የእንግድነት ሕግ ነው። ሰላም ሲወርድና የመንገዱ ደኅንነት ሲረጋገጥ፣ ጥምቀትን በጎንደር ያከበረ ቤተሰብ አንዲት ሌሊት ጨምሮ ልጆቹን ወደዚያ ቢያወጣ፣ ልጆቹ ዋልያን ከመጽሐፍ ሥዕል ሳይሆን ከቋጥኙ ላይ ያውቁታል፤ በውርጭ የሚያድረውም ስካውት እንግዶቹ የገዛ ወገኖቹ ሲሆኑለት ልቡ ይሞቃል።

በዓሉ የሰላም፣ የፍቅርና የእንግዳ መቀበያ በዓል ይሁንልን!