የኢትዮጵያ ቀይ ወይን፦ ከእንጦጦ ዘቢብ እስከ ዝዋይ እርሻ

የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ ካለማው እርሻ የተገኙት የመጀመሪያዎቹ የወይን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ከዋሉ አሥር ዓመት ያለፈ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ቀይ ወይን የራሱ ጠባይ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ አሁን በቅጡ ሊመረመር ይገባዋል። እርሻው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው አሸዋማ መሬት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን የተባሉት ቀይ ወይን የሚሰጡ የፈረንሳይ ዝርያዎች ተተክለውበታል።

ወይን ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በእንጦጦ ተራራ፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያምም ሆነ ከግርጌው በየካ ሚካኤል፣ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን የሚዘጋጀው ከዘቢብ፣ ማለትም ከደረቀ የወይን ፍሬ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ፍሬውን ቤተ ልሔም በተባለው ቤት በውኃ ዘፍዝፈው ይጨምቁታል። ከአምቦ በስተ ምዕራብ ባለችው ከተማ የተሰየመውን ጉደርንና ጣፋጩን አክሱማይትን የሚያመርተው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካም ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነው።

ቀይ ወይን ቀለሙንና ታኒን የተባለውን፣ ምላስን የሚያደርቀውን ንጥረ ነገር የሚያገኘው ጭማቂው ከነልጣጩ ሲብላላ ነው፤ ጭማቂው ብቻውን ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ጠማቂው ልጣጩን ለስንት ቀን እንደሚያቆይ በመወሰን የወይኑን ክብደት ይቀርጻል። በዝዋይ ግን ከጠመቃው የሚበልጠው ጥበብ በማሳው ላይ ያለው ነው። በአውሮፓ ሐረጉን የሚያስተኛው የክረምቱ ብርድ ሲሆን፣ በምድር ወገብ አቅራቢያ ግን እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ሐረጉ ዓመቱን ሙሉ ልምላሜውን ሊቀጥል ይችላል፤ ስለዚህ ገበሬው በግርዘት፣ ማለትም ቅርንጫፎቹን በመቁረጥ፣ እንዲሁም ውኃውን በመመጠን ወቅትን ራሱ ይፈጥራል። የግርዘቱ ቀን ፍሬው የሚበስልበትን ወር ስለሚወስን፣ ቀኑ ተዛብቶ ፍሬው በክረምት ዝናብ ቢበስል ይበሰብሳል፣ ጣዕሙም ይቀጥናል፤ በበጋ ቢበስል ግን የቀኑ ፀሐይ ስኳሩን ሲያዳብር የሌሊቱ ቅዝቃዜ ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል። የአገሩ ወይን ጠባይ ሊፈለግ የሚገባው ከፈረንሳይ ከተወረሰው የዝርያ ስም ይልቅ በዚህ በቀንና በሌሊት መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው።

ይህን ጠባይ የሚሸፍነው ስኳር ነው። ካስቴል ደረቁን፣ ማለትም ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ወደ አልኮል የተለወጠውን ወይን ስምጥ ሸለቆ በሚል መለያ ሲያቀርብ፣ አካሲያ በሚለው ስም ደግሞ መካከለኛ ጣፋጭ ወይን ይሸጣል፤ በብዙ ግብዣዎችም ቀይ ወይን ከለስላሳ መጠጥ ጋር ተደባልቆ ይጠጣል። የኢትዮጵያዊ ምላስ በጠጅ ምክንያት ጣፋጭ ነገር ብቻ ይወዳል የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ግን አጥጋቢ አይደለም፤ ጣፋጩ ያልፈላው ብርዝ ሲሆን፣ ማሩ ተብላልቶ ያለቀለት፣ የጌሾው ምሬት የሚሰማው ደረቅ ጠጅ ብዙ አፍቃሪ አለው፣ ጠላም ቢሆን ስኳር አይጨመርበትም። ጌሾን የለመደ ጠጪ የታኒንን ምሬት ለመቀበል ከማንም የተሻለ ዝግጅት ስላለው፣ ደረቁ የዝዋይ ሲራ ያለ ምንም ድብልቅ ሊቀርብለት ይገባል።